ፖስታው እስኪከፈት

«ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ስሆን ደብረ ብርሃን ውስጥ አስተምራለሁ። ከአንድ ወር በፊት ገላዬን ስታጠብ ግራ ጡቴ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጣር ነገር እጄን ነካችኝ። አዲስ አበባ ሄጄ አልትራሳውንድ ተነሣሁ፤ ወረቀቱ ‹ባይራድስ 4› ይላል። ከዚያ ጠቅ በሚል ወፍራም መርፌ ናሙና ወሰዱና ‹ከ15 ቀን በኋላ ነይ፤ ከቤተሰብም አንድ ሰው ይዘሽ ነይ› አሉኝ። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ስልኬን ይዤ ሳነብ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። አራት ማለት የመጨረሻው ደረጃ እንደሆነ አንብቤአለሁ። ባለቤቴ ‹አታስቢው› ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይተኛል። እናቴ የደም ግፊት ስላለባት አልነገርኳትም። ታላቅ እህቴ ‹ቀጠሮውን ተዪው፤ ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ እንግባ› ትለኛለች። ሰው ይዘሽ ነይ ያሉኝ አውቀው ይሆን? ለባለቤቴስ ነግረውት ይሆን የሚደብቀኝ? ክፉም ቢሆን ቁርጡን ባውቀው ይሻለኝ ነበር። እባክዎ ምን ላድርግ? ስሜ ይቆይ።»

እህቴ፣

ዕድሜዬ ስለሚፈቅድልኝ «አንቺ» እያልኩ ልጻፍልሽ። ቀጠሮሽ ሳያልፍ እንዲደርስሽ ብዬ ሌሎቹን ደብዳቤዎች አቆይቼ ያንቺን አስቀድሜአለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የምነግርሽ የሕክምና ነገር ሁሉ ባለሙያ ጠይቄ የተረዳሁት ነው።

መጀመሪያ ይቺን አራት ቁጥር ከአልጋሽ ላይ እናውርዳት። ወረቀትሽ ላይ ያለው 4 እና በስልክሽ ያነበብሽው 4 አይተዋወቁም። ባይራድስ የሚባለው የአልትራሳውንድ ወይም የማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ባለሙያው ምስሉን አይቶ ለሐኪሙ የሚልከው የጥርጣሬ መለኪያ ነው፤ ከ0 እስከ 6 ይሄዳል። 2 ሲሆን የታየው ነገር ጉዳት የለውም ማለት ነው። 3 ሲሆን ካንሰር የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው፤ በክትትል ይታያል። 4 ማለት «በዓይን አይቼ መወሰን አልቻልኩም፤ ናሙና ይወሰድ» ማለት ነው። የካንሰር ደረጃ የሚባለው ግን ፈጽሞ ሌላ ቆጠራ ነው። በሽታው ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚነግር ነው። ካንሰር መሆኑ ያልታወቀ ነገር ደረጃ ሊኖረው አይችልም። አንቺ ዘጠኝ ሌሊት ሙሉ ያለቀስሽው በሌላ ሰው ወረቀት ነው።

ባይራድስ 4 ራሷ ደግሞ ሰፊ ሜዳ ናት። ከ100 ሴቶች በ2 ብቻ ላይ ካንሰር ከሚገኝበት ጥርጣሬ ተነሥታ በ95ቱ ላይ እስከሚገኝበት ትደርሳለች። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች ከቁጥሯ ቀጥለው ፊደል ይጽፋሉ፦ ኤ ከሆነ ከ100 ከ2 እስከ 10፣ ቢ ከሆነ ከ10 እስከ 50፣ ሲ ከሆነ ከ50 እስከ 95። ወረቀቱን አውጪና ፊደል እንዳለው ተመልከቺ። ከሌለው ናሙና ያዘዘልሽን ሐኪም መጠየቅ ይቻላል፤ ይህ ነውር አይደለም። ፊደሉ ሲ ቢሆንስ? አልዋሽሽም፤ ያን ጊዜ ጥርጣሬው ከባድ ነው። ኤ ቢሆን ደግሞ የሚያስፈራው ከሚያጽናናው በብዙ ያንሳል። ሴቶች ጡታቸው ላይ ከሚያገኟቸው እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል፣ ቁስለት ይሆናል፣ ወይም ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው ጉዳት የሌለው ዕጢ ይሆናል። በሌላ በኩል የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው ነው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው። አንቺ ባቄላ የምታህለውን ነገር ይዘሽ በአንድ ወር ውስጥ ናሙና ሰጥተሻል። ከሁሉ የሚከብደውን ሥራ ሠርተሽ ጨርሰሻል።

አሁን ናሙናዋ የት እንዳለች ልንገርሽ፤ እኔን በጊዜው የረዳኝ ይህን ማወቄ ነበር። የተወሰደችው ሥጋ ክር ታህላለች። እንዳትበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ታድራለች። ቀጥሎ ውሃዋ በአልኮል ይወጣና የቀለጠ ፓራፊን ሰም ይገባባታል፤ ሰሙ ሲረጋ ውስጡ ትቀመጣለች። ያንን የሰም ጉራጅ ባለሙያው በመሣሪያ ይልጠዋል፤ አንዷ ልጣጭ የፀጉር ዘለላን ውፍረት አንድ አሥረኛ እንኳ አትሞላም። በመስታወት ላይ ትዘረጋና ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ትነከራለች። ፓቶሎጂስቱ፣ ማለትም ናሙና መርምሮ በሽታውን የሚለየው ሐኪም፣ አጉሊ መነጽር ውስጥ የሚያያት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ በአገራችን ደግሞ ፓቶሎጂስቱ ጥቂት፣ መስታወቱ ብዙ ነው። ግልጽ ካልሆነለት ሌላ ልጣጭ ያስቆርጣል፣ ሌላ ቀለም ያስጨምራል፣ ባልደረባውን ያሳያል። እንግዲህ 15ቱ ቀን ወደ 20 ቢሄድ «ክፉ ነገር አግኝተው ነው» አትበዪ፤ «ዝም ካሉማ ደኅና ነው» ብለሽም አትቅሪ። መዘግየት በራሱ ወሬ አይደለም።

«ሰው ይዘሽ ነይ» ያሉሽም እንዲሁ። ናሙናው ገና ሳይነበብ ሐኪሙ ከአንቺ በላይ የሚያውቀው ጥርጣሬውን ብቻ ነው። ብዙ ሐኪሞች ይህን ለሁሉም ሰው ይላሉ፤ የፈራ ሰው ከተነገረው ግማሹን ስለማይሰማ ሁለተኛ ጆሮ ያስፈልገዋል። ለባለቤትሽ ነግረውት ይሆናል ያልሽው ግን ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በዙሪያ ነው የሚመጣው። ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ወንድም ያስቆመዋል፣ አጎት ያስቆመዋል፤ «ለእሷ እንዳይነግሩብን» ይባላል። ሕመምተኛዋ የራሷን መርዶ ከሰው ፊት ላይ ስታነብ ትከርማለች። ይህን ልማድ አልወደውም፤ በፍቅር የሚደረግ መሆኑን እያወቅሁም አልወደውም። ውጤቱ ስላልወጣ እስካሁን ማንም የደበቀሽ ነገር የለም። እንዳይደበቅሽም ከአሁኑ አስጠንቅቂ። ለባለቤትሽ «አንተ ቀድመህ ብትሰማ እቀየምሃለሁ» በዪው፤ ሐኪሙን ደግሞ ገና ስትቀመጪ «ምንም ይሁን ምን ለእኔ ለራሴ ይንገሩኝ» በዪው።

እኔ አሥራ አንድ ቀን ጠብቄአለሁ። የዛሬ 12 ዓመት አንገቴ ላይ እብጠት ወጥቶ ነበር። ውጤቱን ከላቦራቶሪው ተቀብዬ፣ በታሸገ ፖስታ፣ ሁለት ፎቅ ወርጄ ሐኪሙ ዘንድ ማድረስ ነበረብኝ። አላደረስኩም፤ ደረጃው መሃል ላይ ቀደድኩት። እንግሊዝኛው ረዥም ነው። ስለ በሽታ ስሞች የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር በ«ኦማ» የሚያልቅ አይወደድም የሚል ነበር። ወረቀቱ ላይ «ግራኑሎማተስ» የሚል ቃል አለ፤ «ኦማ» መሃሉ ላይ ተቀርቅራ አየኋት። ቁጭ አልኩ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ይዛ «እትዬ፣ እሱ ጋ እርጥብ ነው» አለችኝ። ቀሚሴ ውሃውን ጠጥቶ እግሬ ድረስ ወርዶ ነበር፤ አላወቅኩትም። እዚያው አርባ ደቂቃ ያህል ልጆቼን ለማን እንደምሰጥ ሳከፋፍል ቆየሁ። ትልቁን ለእህቴ፣ ትንሿን ለእናቴ።

የዕጢ ቲቢ ነበር። ለስድስት ወር መድኃኒት ዋጥኩ፤ አለቀ። ቤት ስደርስ ደግሞ ለእናቴ «የዕጢ ነቀርሳ ነው አሉኝ» ብያት ነጠላዋን አገልድማ አለቀሰች፤ ቋንቋችን ሁለቱንም በሽታ በአንድ ስም ሲጠራ ኖሯልና። እሷን ማስረዳት ከመድኃኒቱ በላይ ደከመኝ። የአንቺ «ፋይብሮአዴኖማ»ም ቢመጣ እኮ በ«ኦማ» ነው የሚያልቀው!

ይህን የነገርኩሽ የእኔ ደኅና ስለሆነ ያንቺም ደኅና ይሆናል ለማለት አይደለም። በዚያው ዓመት ውጤት የጠበቀች የሥራ ባልደረባዬ የደረሳት ካንሰር የሚል ነው። ቀዶ ሕክምና አደረገች፣ ኬሞ ወሰደች፣ ጸጉሯ ረገፈ፣ በቀለ። ባለፈው ዓመት ልጇን ስትድር እስክስታውን ከእኔ በላይ ወርዳዋለች።

«ክፉም ቢሆን ቁርጡን ባውቀው» ብለሻል። ይህን በማለትሽ ደካማ አይደለሽም። በ2016 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 45 ሰዎችን በኮምፒውተር ጨዋታ ድንጋይ እያስገለበጡ ፈትነዋቸው ነበር። ከድንጋዩ ሥር እባብ ከወጣ እጃቸው ላይ የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርስባቸዋል። ላባቸውና የዓይናቸው ብሌን ሲለካ፣ ከሁሉ ይበልጥ የተጨነቁት እባብ እንዳለ በእርግጠኝነት ሲያውቁ አልነበረም፤ ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚለው እኩል በእኩል ሲሆንባቸው ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንላለን፤ አንቺ ግን ገና እባብም ልጥም መሆኑን ሳታዪ እጅሽን ዘርግተሽ ቆመሻል። ከዚህ የሚብስ አቋቋም የለም።

ስለ መጠበቅ ብቻ የምታጠና ኬት ስዊኒ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪም አለች። የካሊፎርኒያ የሕግ ምሩቃን የጥብቅና ፈተና ውጤታቸውን አራት ወር ሲጠብቁ ተከታትላቸዋለች። ሁለት ነገር አገኘች። አንደኛው፣ ጭንቀታቸውን ለማጥፋት የሞከሯቸው ዘዴዎች እምብዛም አልጠቀሟቸውም። ሁለተኛው ደግሞ የሚገርም ነው፤ በመጠበቂያው ጊዜ ሲብሰለሰሉ የከረሙት፣ ክፉውን ዜና ከሌሎቹ በተሻለ ተቋቋሙት፤ ደጉንም ዜና ከሌሎቹ በላይ ተደሰቱበት። ፈተና ሌላ፣ ሕመም ሌላ መሆኑን አላጣሁትም። ቢሆንም በባለቤትሽ ምክርና በዚህ መካከል ከሆነ እኔ ይህንን እመርጣለሁ። «አታስቢው» ማለት ሲተነተን «ብቻሽን አስቢው» ማለት ነው።

እናም አስቢው፤ ግን ቀንሽን ሁሉ አትስጪው። ከትምህርት ቤት ተመልሰሽ፣ ቡናው ከተጠጣ በኋላ፣ ግማሽ ሰዓት ለይለት። ደብተር ያዢ። የሚያስፈራሽን ሁሉ፣ ልጆቹን፣ ብሩን፣ ሥራውን፣ ሞቱንም ሳታፍሪ ጻፊው። ከዚያ በገጹ ማዶ በኩል «ደኅና ነው ካሉኝ» እና «ካንሰር ነው ካሉኝ» ብለሽ በሁለት ክፈይውና ከእያንዳንዱ ሥር በሚቀጥለው ሳምንት የምታደርጊውን ብቻ ጻፊ። የሚቀጥለውን ሳምንት እንጂ የሚቀጥለውን ዓመት አይደለም። ለርእሰ መምህሩ ማን ይነግርልኛል? አዲስ አበባ ማን ዘንድ አርፋለሁ? ልጆቹን ጠዋት ማን ያደርሳቸዋል? ሳስበው ሌሊት ሌሊት የሚያንገላታሽ ሞቱ ብቻ አይደለም፤ እነዚህ መልስ ያጡ ትንንሽ ጥያቄዎችም ናቸው። ሰዓቱ ሲያልቅ ደብተሩን ዝጊውና እጅንም ዓይንንም የሚይዝ ሥራ ላይ ግቢ፤ ቡና ልቀሚ፣ ሹራብ ሥሪ፣ የተማሪዎችሽን ደብተር አርሚ። ቴሌቪዥን አይበቃም፤ ዓይንሽን ወስዶ ሐሳብሽን ይተውልሻል።

ስልኩ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሳሎን ይደር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚነበብ ነገር ደግ ሆኖ አያውቅም።

አንድ ያልነገርሽኝ ነገር አለ፦ እብጠቷን በቀን ስንት ጊዜ ትነኪያታለሽ? ሃያ? ሠላሳ? እኔ አንገቴን ስጫን አውራ ጣቴ ይደነዝዝ ነበር። መርፌ የገባበት ቦታ ይጠቁራል፣ ያብጣል፣ ለቀናትም ያማል። አንቺ ስትጫኚው ደግሞ ይብሳል፤ ከዚያ «አደገች» ትያለሽ። ተዪያት። ትኩሳት ከመጣብሽ፣ ቅላቱ ከሰፋ፣ መግል ወይም የማይቆም ደም ካየሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወደ ሐኪም ሂጂ። እንቅልፉና ምግቡ ጨርሶ እምቢ ካለሽ፣ ወይም በራስሽ ላይ ክፉ የማድረግ ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ያንንም ሳትውዪ ሳታድሪ ለሐኪም ተናገሪ።

ወደ ሰዎቹ ልመለስ። ጀርባውን ሰጥቶ የሚተኛው ባለቤትሽ እንቅልፍ የወሰደው አይመስለኝም። ባል ሚስቱ ፊት ላለማልቀስ ያለው መሸሸጊያ ግድግዳው ነው። ምን እንደሚልሽ ስላላወቀ ነው «አታስቢው» የሚልሽ፤ እንግዲያው አንቺ ንገሪው። «ምንም አትበለኝ፤ ግማሽ ሰዓት አብረኸኝ ተቀመጥ» በዪው። ወንዶች ሥራ ሲሰጣቸው ይሻላቸዋል፤ ልጆቹን ጠዋት ማድረስ ከዛሬ ጀምሮ የእሱ ይሁን።

እናትሽን እስከ ቀጠሮው ማቆየትሽ ስሕተት ነው አልልም፤ ስድስት ቀን ነው የቀረሽ። ውጤቱ ሲታወቅ ግን፣ በተለይ ክፉ ከሆነ፣ ከጎረቤት እንዳትሰማ። ልጅ አሳድጋ፣ ሰው ቀብራ እዚህ የደረሰች ሴት ከምትገምቻት በላይ ጠንካራ ናት፤ ግፊቷን የሚያስነሣው መደበቅሽ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ውጪ ለአንድ፣ ቢበዛ ለሁለት ሰው ንገሪ። የምትመርጪያት ሴት «የእገሌም ሚስት እንዲሁ ጀምሯት…» ብላ የማትጀምር ትሁን።

እህትሽን አትጣያት። ጻድቃኔ ማርያም ስንቱ ተስፋውን የሚያነሣበት ቦታ ነው፤ ለአንቺም ያረጋጋሽ ይሆናል። ሂጂ፣ ተጠመቂ፣ አልቅሺም። ቀጠሮው ግን አይታለፍም፤ ሱባኤው ከቀጠሮው በፊት የሚያልቅ ይሁን፣ ካልሆነም ከቀጠሮው በኋላ ይጀመር። እህትሽ ከተቆጣች ወንጌል የጻፈልን ሉቃስ ራሱ ሐኪም እንደነበር አስታውሻት። ጸበልን የምፈራው ሰዎች ሐኪሙን ላለመስማት ሲሸሸጉበት ነው፤ እብጠት ደግሞ ሱባኤ ገብተናል ብሎ አይጠብቅም።

ቀኑ ሲቃረብ ፍርሃትሽ ይብስብሻል። ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ «አሁንስ አወቅሁት፣ ካንሰር ነው» የሚል ነገር በልብሽ ይመጣል። ያ ትንቢት አይደለም። በእነዚያ የሕግ ምሩቃን ላይም ጭንቀቱ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ በርትቶ መሃሉ ላይ ነበር የላላው። ልብ እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ይኮማተራል።

የቀጠሮው ዕለት 130 ኪሎ ሜትር መንገድ አለብሽ፤ ቁርስሽን በልተሽ ውጪ። ፖስታው በእጅሽ ከተሰጠሽ ለባለቤትሽ አቀብዪው፤ እሱም እንዳይከፍተው። ሐኪሙ ሲያነብ ፊቱን አትዪ፤ ሐኪምም የራሱ የቤት ጣጣ አለው። ሦስት ጥያቄ ጠይቂ፦ ስሙ ምንድን ነው? በዚህ ናሙና ብቻ እርግጠኛ ሆነዋል? ቀጥሎ የማደርገው ምንድን ነው፣ መቼ? ክፉም ከሆነ በዚያች ሰዓት ስለ ዕድሜሽ ምንም አትጠይቂ፤ የሚቀሩ ምርመራዎች ስላሉ መልሱ ገና አልተሠራም። ደግም ከሆነ «ምንም የለም» በሚል ብቻ አትውጪ፤ ምስሉና ናሙናው ይስማሙ እንደሆነ፣ ክትትሉም በስንት ወር እንደሆነ ጠይቂ። የወረቀቱን ቅጂ ያዢ። ሁለተኛ ሐኪም ማማከር ብትፈልጊ ያቺ የሰም ጉራጅና መስታወቶቹ ተቀምጠውልሻል፤ ተውሰሽ ሌላ ፓቶሎጂስት ዘንድ መውሰድ ይቻላል።

ጥያቄዎቹን ደብተሩ ላይ ዛሬውኑ ጻፊያቸው። ሐኪሙ ክፍል ስትገቡ ደብተሩንና እስክሪብቶውን ባለቤትሽ ይያዝ፤ የሚባለውን እሱ ይጻፈው።